ሌሊት ሽንት የሚያመልጣቸው ተማሪዎች ዶርም ውስጥ አሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች፣
እንዲሁም ለግቢ ክሊኒክ ባለሙያዎችና ለፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች)

ጉዳዩ፦ ሽንታቸውን መቆጣጠር ለማይችሉ ተማሪዎች የዶርም፣ የክሊኒክና የፈተና አሠራር እንዲመቻች ስለመጠየቅ

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፏል። ሰፈሩ ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለን ነው። እሱ ግን "ዩኒቨርሲቲ አልሄድም" ብሏል። ምክንያቱን የምናውቀው እሱ፣ እናታችንና እኔ ብቻ ነን። ወንድሜ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል።

እኔም እንደዚያው ነኝ። በዚሁ ችግር ውስጥ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ አካውንቲንግ ተምሬ፣ ተመርቄ አሁን በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወንድሜ "ጻፊው፣ ስማችንን ብቻ አትጥቀሺ" ስላለኝ ነው።

በአጭሩ ልበለው። ከትምህርት ገበታዬ ሊያስነሳኝ ደርሶ የነበረው ሕመሙ ራሱ አልነበረም። ሕመሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዴት አብሬው እንደምኖር ተምሬአለሁ። ሊያስነሳኝ የነበረው ላይኛው አልጋ ነው። የማይቆለፈው የመጸዳጃ ቤት በር ነው። በር ከፍቶ የሚመረምረው ክሊኒክ ነው። እነዚህን ደግሞ እናንተ ማስተካከል ትችላላችሁ። አብዛኛው ነገር ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ስለ ችግሩ ላስረዳ። ብዙ ሰው የስንፍና ወይም የልጅነት ነገር ይመስለዋል። ሰው ሲተኛ፣ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ቫሶፕረሲን የተባለውን ሆርሞን ጨመር አድርጋ ትለቃለች። ሆርሞኑ ኩላሊት ሌሊት የሚያመርተውን ሽንት ይቀንሳል። ብዙ ሰው ሳይነሳ የሚያድረው ለዚህ ነው። አንዳንዶቻችን ጋ ሆርሞኑ ሌሊት በበቂ መጠን አይጨምርም። ሌሎች ደግሞ የሽንት ፊኛቸው ገና ሳይሞላ ይኮማተራል። በዚያ ላይ ፊኛው "ተነሱ" ብሎ ሲጣራ አንጎላችን አይነቃም። በዘርም ይሄዳል። ከወላጆች አንዱ በልጅነቱ ችግሩ ከነበረበት ልጁ ላይ የመከሰት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱም ከነበረባቸው ከ70 በመቶ ያልፋል። አባቴ እስከ ጉርምስናው ድረስ እንዳስቸገረው የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

በልጅነቴ በሳማ ተለብልቤአለሁ። ሸኽ ጋ ተወስጄ ዱዓ ተደርጎልኛል። የጎረቤታችን እማማ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ፀበል አምጥተው አጠጥተውኛል። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ሐኪም ቤት ግን የወሰደኝ አልነበረም። ሕክምና ያለው ነገር መሆኑን ማንም አያውቅም ነበርና።

ስንቶቻችን ነን? አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይለቃቸዋል። ሁሉንም ግን አይለቅም። አዋቂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ በመቶ አንስቶ ሁለት በመቶ አለፍ እስከሚል ድረስ ይናገራሉ። እኔ ትንሿን ልውሰድ። 20,000 ተማሪ ባለበት ግቢ ግማሽ በመቶ ማለት 100 ተማሪ ነው። በየብሎኩ ቢያንስ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ግን በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም የእኔ ቢጤ አላገኘሁም። እነሱም እኔን አላገኙኝም። ሁላችንም ተደብቀን ነበር።

አሁን ዶርሙን ላሳያችሁ። የተመደብኩት ከወሎ ወደ ደቡብ ነበር። መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። አዲስ አበባ መናኸሪያ አጠገብ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አልጋ ይዘን ስናድር፣ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ግቢ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ታችኛውን አልጋ ይይዛል፤ ለእኔ የቀረኝ ላይኛው ነበር።

የዶርም አልጋ ብረት ነው፤ ሥሩ ሽቦ ነው። ፍራሹ ስስ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ሲጠግብ ወደ ታች ያንጠባጥባል። እናቴ ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ ገዝታ፣ በፍራሽ ልክ ቆርጣ፣ ሻንጣዬ ሥር አጣጥፋ አስቀምጣልኝ ነበር። ላስቲክ ግን በተገላበጡ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ሌሊት ያ ድምፅ ይጮሃል። ከላዩ ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ስልኬን ንዝረት ላይ አድርጌ ትራሴ ሥር እከታለሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ይነዝራል፤ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ይነዝራል። አንዳንዴ እነቃለሁ። አንዳንዴ ምንም አይቀሰቅሰኝም።

የረጠበ ሌሊት ሥራው ብዙ ነው። ጓደኞቼ ሳይነቁ መውረድ አለብኝ። የብረት መሰላሉ ይጮሃል። አንሶላውን ጠቅልዬ፣ ባልዲና ኦሞ ይዤ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ በስልክ መብራት እሄዳለሁ። ግቢያችን ውስጥ ውሃ በብዛት የሚመጣው ሌሊት ነበር፤ ያ ለእኔ በጀኝ። ችግሩ ማስጣቱ ላይ ነው። አንሶላ በየቀኑ የምታጥብ ልጅ በየትኛውም ዶርም ውስጥ ታስታውቃለች። ስለዚህ እርጥቡን አንሶላ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ሲመሽ እርጥብ እንደሆነ አንጥፌው እተኛለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት የሚጀምር ክፍል ያመልጠኛል፤ ከደረስኩም እንቅልፍ ያዳፋኛል። ማታ ላይብረሪ ቆይቼ ማንበብ አልደፍርም፤ ደክሞኝ ከተኛሁ ንዝረቱን አልሰማውም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬዴ የዚያ ሁሉ ውጤት ነው።

የአዋቂ ዳይፐር የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ከተማ ወርጄ ገዝቼ መጣሁ። ግቢ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጠባቂዋ ቦርሳዬን ከፍታ ፓኮውን አወጣችው። "ምንድን ነው ይሄ?" አለች። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። "ለታመመች አክስቴ ነው" አልኩ። "እና ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለች። አስገባችኝ፤ ግን ከዚያ በኋላ ከፓኮው እያወጣሁ መጽሐፍ መሃል ጨምሬ ማስገባት ጀመርኩ። መጣያ ደግሞ የለም። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ክዳን የሌለው ግማሽ በርሜል ነው። ስለዚህ የተጠቀምኩበትን በፌስታል ቋጥሬ ከግቢ ውጭ ወስጄ እጥላለሁ።

ታችኛ አልጋ እንዲሰጠኝ በወጉ ጠይቄአለሁ። ፕሮክተሯ ምክንያት ጠየቀችኝ። "የጤና ነው" አልኩ። "ከክሊኒክ ደብዳቤ አምጪ" አለችኝ። ክሊኒክ ሄድኩ። የምርመራ ክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። "ምንሽን ነው?" አለኝ ባለሙያው። መናገር አቃተኝና ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበና ድምፁን ሳይቀንስ "በዚህ ዕድሜሽ?" አለኝ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ ስትስቅ ሰማሁ። ምናልባት በሌላ ነገር ይሆናል የሳቀችው። ሪፈር ጻፈልኝ። ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ደግሞ ችግሬን ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። ያ ወረቀት ታችኛ አልጋ እስኪያሰጠኝ ድረስ በየቢሮው ተከፍቶ ሊነበብ ነው። አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩትና ላይኛው አልጋ ላይ ቀረሁ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ከእኔ ሥር የምትተኛው ልጅ ነቃች። ላይዋ ላይ ጠብ ብሎባት ነው። ምንም አላለችም፤ ዞር ብላ ተኛች። ጠዋት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ "አልጋ እንቀያየር፤ እኔ ከላይ መተኛት ነው የምወደው" አለችኝ። ለሌሎቹም እንደዚያው ብላ ነገረቻቸው። ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። እስክንመረቅ ድረስ ያንን ሌሊት አላነሳችብኝም። ይህን ደብዳቤ ካነበበች ታውቀዋለች፤ አላህ ውለታዋን ይክፈላት።

የእኔ ትምህርት የቀጠለው በአንዲት ልጅ ደግነት ነው። ሥሬ የተኛችው ሌላ ልጅ ብትሆን ኖሮ በነጋታው ብሎኩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወሎ እመለስ ነበር። "ታማ ነው ያቋረጠችው" ይባላል፤ በዚያው ያልቃል። ስንት ተማሪ እንደዚህ ባለ ምክንያት ዊዝድሮው ሞልቶ እንደወጣ ማን ያውቃል? ቅጹ ላይ "የግል ጉዳይ" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

የወንድሜ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። አሁን በኦንላይን የሚፈተኑ ቢኖሩም፣ ብዙው ተማሪ አሁንም ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም ያድራል። ኩረጃን ለማስቀረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓላማውን እደግፋለሁ። በዚያ አሠራር መጀመሪያ በተሰጠው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። አሁንም ቢሆን ፈተናውን ማለፍ ቀላል አይደለም። ወንድሜ ወደ ፈተና ሲሄድ ግን ሐሳቡ ከጥያቄዎቹ ይልቅ ሌሊቱ ላይ ነበር። ስልክ ክልክል ነው፤ የሚቀሰቅሰው የለም። ላስቲክ ለመያዝ ፍተሻውን ፈራ። ስለዚህ ላለመተኛት ወሰነ። ሌሎቹ ሲተኙ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያነባል። ሲነጋጋ ግድግዳ ተደግፎ ትንሽ ያሸልባል። ከዚያ ተነሥቶ ሒሳብ ይፈተናል። እንዲህ ሆኖ ነው ያለፈው። ቤት ሲመለስ "አራት ዓመት እንዲህ ሆኜ አልችልም" አለ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ሕክምናው አለ፤ ይህን ለክሊኒክ ባለሙያዎች አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያገኘኋት ሐኪም በሩን ዘግታ፣ ወንበሯን አስጠግታ አነጋገረችኝ። ከመድኃኒት በፊት ሽንቴንና የደም ስኳሬን አስመረመረች። ማንኮራፋት እንዳለብኝ፣ የሆድ ድርቀት እንዳለብኝ፣ እግሬ ይደነዝዝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለካ ስኳር፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የኅብለ ሰረሰር ችግር ሁሉ ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። በተለይ ለወራት ደረቅ ሆኖ ሲያድር የቆየ ሰው ድንገት ከጀመረው ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ለእኔ ዴስሞፕረሲን የሚባል እንክብል አዘዘችልኝ፤ ያንን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ከመዋጤ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ ከዋጥኩም በኋላ ለስምንት ሰዓት ያህል ውሃ እንዳላበዛ አስጠነቀቀችኝ፤ አለዚያ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ አደጋ ያመጣል። ፊኛቸው ቶሎ ለሚኮማተርባቸው ኦክሲቡቲኒን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ። እርጥበት ሲነካው የሚጮህ ማንቂያም አለ፤ ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል ግን እንዴት ተደርጎ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ አብዛኛውን ሌሊት ደረቅ ሆኜ ማደር ቻልኩ። ሁልጊዜ አይደለም። ዋጋው ለተማሪ ይከብዳል፤ ብዙ ፋርማሲም አይዘውም። ሳጣው ወደ ላስቲኩ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ ውሃ አንጠጣም። የሚረዳ ይመስለናል። ሐኪሟ እንዳለችኝ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። ቀን በደንብ ጠጥቶ ማታ መቀነስ ነው የሚሻለው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የምንጠጣው ማታ ብቻ ነው፤ ሽንቱም ሌሊት ይመጣል። ያኔ ያዳነኝ ለሱሁር መነሣቴ ነው።

የማወራው ስለ እኔና ስለ ወንድሜ ዓይነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀን ክፍል ውስጥ የሚያመልጣቸው አሉ። በመኪና አደጋ ወይም በጦርነቱ ጀርባቸው የተጎዳ ወጣቶች አሉ። ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንት በደንብ ሳይዘጋ መወለድ) ይዘው የተወለዱ፣ ቀዶ ሕክምና አግኝተው ያደጉ ልጆች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በየሦስት አራት ሰዓቱ ራሳቸው ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) አስገብተው ፊኛቸውን ባዶ ያደርጋሉ። ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናና የሚቆለፍ በር ነው። እነዚህን ካጡ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ ሲደጋገም ኩላሊታቸው ይጎዳል። የሦስት ሰዓት ፈተና ላይ "መውጣት ክልክል ነው" ሲባሉ ምን እንዲያደርጉ ነው የሚጠበቀው?

በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ (ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ) የገጠማቸው እህቶቻችንም አሉ። በዚህ ጉዳይ ሀገራችን ለዓለም የምታስተምረው ነገር አላት። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፎች አሉት። ታካሚ ሆነው የገቡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ቀዶ ሕክምናውን ተምረው ሌሎችን አክመዋል። ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት መቆጣጠር የማይችሉ ሴቶች አሉ፤ ለእነሱ ደስታ መንደር ተሠርቷል። ሽንት ያመለጣትን ሴት ገላዋን አጥቦ፣ አክሞ፣ ሙያ አስተምሮ ወደ ሕይወት የመለሰ ልምድ እዚሁ አጠገባችን ካለ፣ ዩኒቨርሲቲ ለአንዲት ተማሪ ታችኛ አልጋ መስጠት ሊከብደው አይገባም።

ሕጉም ከጎናችን ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ኮንቬንሽኑ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። ጉዳታችን ከውጭ አይታይም፤ ግን ጉዳት ነው።

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልምጣ።

ከሁሉ በፊት የምትጠይቁበትን መንገድ ቀይሩ። አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ የሚሞላው የጤና ቅጽ ታሽጎ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ይሂድ። ክሊኒኩ ለፕሮክተር የሚልከው ወረቀት ላይ "ታችኛ አልጋ፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ" የሚል ብቻ ይኑር። ምክንያቱ አይጻፍ። ፕሮክተሯም "ለምን?" ብላ አትጠይቅ። የጉልበት ሕመም ያለበትም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም፣ እኔም በአንድ ዓይነት ወረቀት ብንስተናገድ ማን ምን እንዳለበት አይታወቅም።

ፍራሽ ስትገዙ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ያለው ግዙ፤ ለሁሉም ተማሪ። ለእኛ ብቻ ከሆነ ምልክት ይሆንብናል። ለሁሉም ከሆነ ፍራሹም ዕድሜ ይኖረዋል፣ ትኋንም በቀላሉ አይሰፍርበትም። ክሊራንስ ላይ ለተበላሸ ፍራሽ የሚከፈለው ቅጣትም ይቀራል። እኔ ከፍዬአለሁ።

በየብሎኩ ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ቤት ቁልፉ የሚሠራ፣ አምፖል ያለው፣ ክዳን ያለው መጣያ የተቀመጠበት ይሁን። ይህ ለሴት ተማሪዎች ሁሉ የሚጠቅም ነው። ውሃ በሚጠፋበት ግቢ ሌሊት የሚሞላ በርሜል ይኑር። ከብሎኩ ጀርባ ከመንገድ የማይታይ ማስጫ ገመድ መወጠር ስንት ብር ይፈጃል? ጠባቂዎችም ዳይፐርና መድኃኒት ሲያገኙ አውጥተው እንዳያሳዩ ይነገራቸው።

የክሊኒክ በር ይዘጋ። ይህን መጠየቄ ራሱ ያሳዝነኛል። ባለሙያዎቹ ይህ ችግር ምርመራና ሕክምና እንዳለው ይወቁ። መድኃኒቱ ግቢ ውስጥ ባይገኝ እንኳ ተማሪው የት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው ይኑር።

ፈተና ላይ፣ የብሔራዊውም ሆነ የግቢው፣ ከክሊኒክ ወረቀት የያዘ ተማሪ ወደ መጸዳጃ ቤት እንዲወጣ ይፈቀድለት፤ ፈታኙ አብሮ ይሂድ፣ ችግር የለውም። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ደግሞ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሰው ይመደብ። ስልክ ከተከለከለ የእጅ መቀስቀስ ይቻላል። ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ በፍተሻ ላይ እንደሚፈቀድ በመመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

በምደባ ጊዜ ቤተሰቡ አጠገብ መማር ለሚፈልግ፣ ወይም ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የምግብ ገንዘቡን እየተቀበለ መማር ለሚፈልግ ተማሪ በጤና ምክንያት ቅድሚያ ይሰጠው። አቋርጦ የወጣ ካለም ያለ ብዙ ጣጣ ሪአድሚሽን ያግኝ።

ዶርም ለምትኖሩ ተማሪዎችም ቃል አለኝ። አብሯችሁ የሚኖር ልጅ ሌሊት ባልዲ ይዞ ሲወጣ ካያችሁ አትከተሉት። ስልካችሁን አውጥታችሁ አትቅረጹ። "ሽንታም" የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ ሌላው ዝም ያስብለው። ታችኛው አልጋ የእናንተ ከሆነና የምትቀያየሩበት ምክንያት ካገኛችሁ፣ ተቀያየሩ።

ለወላጆች ደግሞ፦ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ሳማውን ተዉት።

ወንድሜን ትናንት ማታ አናገርኩት። "ታችኛ አልጋና የሚቆለፍ በር ካለ እሄዳለሁ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። የት እንደሚመደብ ገና አናውቅም። ስለዚህ ይህን የምጠይቀው ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከሁላችሁም ነው፤ ከመጪው ምዝገባ በፊት እንዲደርስ።

የጤና ቅጹ ላይ የሚጨመረውን ጥያቄ እኔው ጽፌዋለሁ፤ እንዳለ መገልበጥ ትችላላችሁ፦

"በዶርም አመዳደብ፣ በመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ወይም በፈተና ሰዓት ልናመቻችልህ/ልናመቻችልሽ የሚገባ የጤና ሁኔታ አለ? (ሌሊት ሽንት ማምለጥን፣ ካቴተር መጠቀምን፣ ሌላም ይጨምራል።) ይህን መልስ የሚያነበው የግቢው ሐኪም ብቻ ነው።"

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ ተማሪና የአንድ አዲስ ተማሪ እህት